ደብዛዛ መብራት ውስጥ ጥሩ ስቴክ ስለመብላት፣ ከስጋ ቤት ልጅ

ያደግኩት ስጋ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ እዚሁ ሀዋሳ ለብዙ ዓመት ስጋ ሸጧል፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ስራዬን የምሰራው ከሚዛኑ አጠገብ ነበር። ሰው ስጋ ሲገዛ እንዴት እንደሚሆን በደንብ አይቻለሁ። ማንም አያፍርም። "ይሄን አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን"፣ "ጮማ ጨምርበት"፣ "የትናንቱ ጅማት በዝቶበት ነበር፣ ዛሬ ካሰኝ" ይላል። አባቴም ይክሳል።

ያው ሰውዬ ግን ቀይ ሶፋና ደብዛዛ መብራት ያለበት ስቴክ ቤት ሲገባ ድምጹ ይጠፋል። አስተናጋጁ ሲመጣ ሜኑው ላይ በጣቱ ያሳያል፣ የመጣለትን ይበላል፣ የተጠየቀውን ከፍሎ ይወጣል።

እኔም እንደዛው ሆኛለሁ። ባለቤቴ ለልደቴ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ቤት የወሰደኝ ቀን አስተናጋጇ "እንዴት ይብሰልልሽ?" ስትለኝ ደንግጬ "በደንብ ይብሰል" አልኩ። ወፍራም ጭቅና ነበር። ውሃው አልቆ፣ ግራጫ ሆኖ መጣ። የስጋ ቤት ልጅ ሆኜ ዝም ብዬ በላሁት። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ለዛ እራት እሱ ስንት ቀን ሲያስብ ነበር። ከዛ በኋላ እዚህም፣ አዲስ አበባ ስሄድም እየጠየቅኩ፣ ወጥ ቤት ድረስ እየገባሁ ተማርኩ። እናንተ መጀመሪያ ቀን እንዳትከስሩ ነው ይሄን የምጽፈው።

ከቤት ሳትወጡ ደውሉ

ቅዳሜና እሁድ ሀዋሳ የእኛ ብቻ አይደለችም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ፣ ሰርጉ፣ ስብሰባው ሐይቁ ዳር ያለውን ቦታ ሁሉ ይሞላዋል። የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ወንበር አይገኝም። ስለዚህ ደውላችሁ ቦታ አስይዙ፣ ከተቻለ በስራ ቀን ሂዱ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጥሩ ነው። ወጥ ቤቱ አይጨናነቅም፣ ስጋችሁን የሚጠብሰው ሰው አንድ ጊዜ 20 ቁራጭ ላይ አይቆምም።

ስትደውሉ ሁለት ነገር አብራችሁ ጠይቁ። አንደኛው ጾም ነው። ረቡዕና አርብ፣ በተለይ ደግሞ በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ስጋ ቤት ይዘጋል ወይም ትንሽ ያርዳል። ስቴክ ቤቱ ግን ክፍት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀርብላችሁ ስጋ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ስጋ ምጣድ ላይ ውሃ ይለቃል፣ እንደ መጠበስ ሳይሆን እንደ መቀቀል ይሆናል። "ስጋችሁ ፍሪዘር ገብቷል?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለተኛው የስጋው ባለቤትነት ነው። የእስላም ነው የክርስቲያን? ስጋ ቤት ላይ መስቀሉን ወይም ጨረቃውን አይተን እንገባለን፣ ስቴክ ቤት ላይ ግን ምልክት ላይኖር ይችላል። ሙስሊም ጓደኛችሁን ጋብዛችሁ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይሄን ጥያቄ ማንሳት እሱንም እናንተንም ያሸማቅቃል። ሶሱ ውስጥ ወይን መኖር አለመኖሩንም በዛው ጠይቁ፣ ብዙ የስቴክ ሶስ በቀይ ወይን ነው የሚሰራው።

ማንን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

እንዲህ ያሉ ቤቶች አሰራራቸው ሆን ተብሎ ነው። ቀይ ቬልቬት ሶፋ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው መስታወት፣ የነብር ቆዳ የሚመስል ትራስ፣ ግድግዳው ላይ ከንፈር ወይም ትከሻዋ የተራቆተ ሴት ስዕል፣ ኒዮን መብራት ላይ የተጻፈ የማሽኮርመም ቃል። አንድ ቦታ ያየሁት የበሬ ሐውልት የዕንቁ ሐብል አድርጎ ቆሟል። ሳቄን አልቻልኩም፣ ወደድኩትም። ዓላማው ሰው ዘና እንዲል፣ ጠጋ ጠጋ እንዲል፣ ትንሽ እንዲጫወት ነው። ለፍቅረኞች፣ ለትዳር ዓመት መታሰቢያ፣ ለሴት ጓደኛሞች ማታ በጣም ያምራል።

ለሁሉም ግን አይሆንም። አማቶቻችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጋብዙ ከሆነ እዚህ አታምጧቸው። እናቴን አንዴ ይዤያት ሄጄ ሙሉ ምሽቱን ስዕሉን ላለማየት ሳህኗ ላይ አቀርቅራ አሳለፈች። ምግቡ ጥሩ ነበር፣ እሷ ግን አልተመቻትም። ለወላጅ የሐይቅ ነፋስ ያለበት፣ አሳ የሚጠበስበት ግቢ ይሻላል። ለስራ ስብሰባም ቢሆን ሶፋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ወረቀት ዘርግቶ ለመነጋገር አይመችም። ልጅ ይገባ እንደሆነም ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አለባበስ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ንጹህ፣ ትንሽ ዘነጥ ያለ ነገር በቂ ነው። ሐይቁ ዳር ከሆነና ውጭ የምትቀመጡ ከሆነ ግን እግራችሁን የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ማታ ቢምቢው አያስቀምጥም።

ፎቶ ማንሳት ትፈልጋላችሁ፣ ማን አይፈልግም? የራሳችሁን ጥግ አንሱ፣ ከኋላ ያለውን ሰው ግን አትጨምሩ። ሀዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው ዘመድ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጥንዶች ገና ለቤተሰብ ያልተናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የት እንደምትቀመጡ

ከስፒከር ስር አትቀመጡ፣ ይሄ ግልጽ ነው። ከግሪሉ አጠገብ ያለው ቦታ ደስ ይላል፣ ልብሳችሁ ግን ጭስ ጭስ ይላል። እኔ የምመርጠው ነጭ ወይም ቢጫ መብራት ያለበትን ጠረጴዛ ነው። ለምን እንደሆነ ስቴኩ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

ሜኑው ላይ ያለው ስጋ የምታውቁት ስጋ ነው

ሜኑው በባዕድ ስም ስለተጻፈ ብቻ አትፍሩት። በሬው ያው በሬ ነው። ፊሌ ወይም ቴንደርሎይን የሚባለው የእኛ ጭቅና ነው። ከወገቡ ውስጥ በኩል የሚወጣ፣ ብዙ የማይሰራ ጡንቻ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ጮማ ግን የለውም። ሰርሎይንና ስትሪፕሎይን ከሽንጥ በኩል ናቸው። ትንሽ ማኘክ ይፈልጋሉ፣ ጣዕማቸው ግን ይበልጣል። ሪብ አይ ከጎድን በኩል የሚቆረጥ ሲሆን መሀሉ ላይ ጮማ አለው፣ ስጋ ስጋ የሚል ነገር ለሚወድ ሰው እሱ ነው። ቶማሃውክ የሚሉት ረጅም አጥንት ያለው ደግሞ ሪብ አይ ነው፣ የጎድኑ አጥንት አብሮት ስለቀረ ነው ግርማ ሞገስ ያለው። ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ካልሆነ ለብቻ አትዘዙት። ቲቦን ላይ በአጥንቱ አንድ ጎን ሽንጥ፣ በሌላው ጎን ጭቅና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚወዱት ሰው ጋር ለሚሄድ የምመክረው ቲቦንን ነው፣ ሁለቱንም ቀምሳችሁ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ክብደቱን ጠይቁ። ሜኑ ላይ 300 ግራም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጥሬው ነው፣ ከእሳት ሲወጣ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። አጥንት ካለው አጥንቱም ተመዝኗል። ለአንድ ሰው አጥንት የሌለው 250 ግራም ከበቂ በላይ ነው። አንዳንድ ቤት ስጋውን ጥሬውን በትሪ አምጥቶ ያሳያል። ካላመጡ "ማየት ይቻላል?" በሉ። ስጋ ቤት ሳታዩ ትገዛላችሁ እንዴ?

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደረስን። እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቀው "ዛሬ የታረደ ነው?" ብለን ነው። ለቁርጥ ትክክል ነው። በጠዋት የታረደ ስጋ ትኩስ እያለ ለስላሳ የሚሆነው ጡንቻው ገና ስላልደረቀ ነው። ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ ግን ይጠነክራል፣ ለአንድ ቀን ያህልም ግትር እንዳለ ይቆያል። ከዛ በኋላ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲቀመጥ ስጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ያላሉታል። ለዚህ ነው ጥሩ ስቴክ ቤት ስጋውን ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ለቀናት፣ አንዳንዱም ለሦስትና ለአራት ሳምንት የሚያቆየው። ትናንት ማታ የታረደ ወፍራም ስቴክ የፈለገው ሼፍ ቢጠብሰው ለማኘክ ያስቸግራል። እዚህ ቤት ጥያቄው "ስንት ቀን ቆየ?" ነው። አስተናጋጁ ኮርቶ በቀን ከነገራችሁ ስራቸውን የሚያውቁ ናቸው። "ትኩስ ነው፣ ዛሬ ነው የመጣው" ካላችሁ ግን ጭቅና እዘዙ፣ እሱ ሳይቆይም ይበላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳላቸውም አስተውሉ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ስጋ ሌላ ታሪክ ነው።

"እንዴት ይብሰል?"

እኔ የወደቅኩበት ጥያቄ። መልሱን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ክትፎ ቤት "ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?" ይሉን የለ። ስቴክ ላይ ያው ነው፣ መሀሉ ላይ አንድ ሁለት ደረጃ ተጨምሮበታል። ሬር ላዩ ብቻ የተጠበሰ፣ ውስጡ 50 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ነው። ሚዲየም ሬር 55 ገደማ፣ ለብለብ በሉት። ሚዲየም 60 ገደማ፣ መሀሉ ሮዝ ነው። ሚዲየም ዌል 65 ያህል፣ ሮዝነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ዌል ደን ከ70 በላይ፣ ሙሉ በሙሉ የበሰለ።

የኔ ምክር ሚዲየም ነው። የእኛ ሰንጋ በሳር ያደገ ስለሆነ በብዛት ስጋው ውስጥ የተሰራጨ ጮማ የለውም፣ እንደ ውጭው ስጋ ሲበስል ራሱን የሚያረጥብበት ነገር ያንሰዋል። ስለዚህ በቶሎ ይደርቃል። የበሰለ ብቻ የምትወዱ ከሆነ ወፍራም ጭቅና አትዘዙ፣ ጮማ ያለውን ሪብ አይ እዘዙና ቀጠን አድርገው እንዲቆርጡት ጠይቁ። ወይም ሼፉ መሀሉን ሰንጥቆ እንዲዘረጋው በሉ። የበሰለ መውደድ ጥፋት አይደለም፣ አስተናጋጅ ፊቱን ቢያጠቁር ችግሩ የእሱ ነው።

ብዙ ሰው ከሮዝ ስጋ የሚሸሸው "ደም ነው" ብሎ ነው። በተለይ ደም መብላት በእምነቱ የተከለከለ ሰው ይጨነቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳህኑ ላይ የሚወርደው ቀይ ውሃ ደም አይደለም። ደሙ በሬው ሲታረድ ፈስሷል። ቀለሙ የሚመጣው ማዮግሎቢን ከሚባል፣ ጡንቻ ውስጥ ካለ ፕሮቲን ነው። ውሃና ፕሮቲን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የጤናው ጉዳይ ግን እውነት ነው። ኮሶ የሚመጣው ካልበሰለ የበሬ ስጋ ነው። ለሙሉ ቁራጭ የበሬ ስጋ የሚመከረው መሀሉ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፉ ነው። እኔ የመከርኩት ሚዲየምም ከዛ ትንሽ ያንሳል፣ ስለዚህ ከ63 በታች የሚያዝ ሰው አውቆ ይዘዝ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም በሽታ የመከላከል አቅማችሁ ከደከመ በደንብ የበሰለ ብሉ፣ ለአንድ ምሽት ደስታ ብላችሁ አትሞክሩት። በርገር ያዘዘ ሰው ካለ ደግሞ የእሱ ሁልጊዜ ይብሰል። ሙሉ ስጋ ላይ ባክቴሪያ የሚኖረው በብዛት ላዩ ላይ ነው፣ ሲጠበስ ይሞታል። ሲፈጭ ግን ላዩ ላይ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል።

ስቴኩ መጣ፣ ስልካችሁን አውጡ

ለፎቶ አይደለም። ለመብራቱ ነው። ቀይ ኒዮን ስር ሁሉም ስጋ ጥሬ ይመስላል። አንዴ ጓደኛዬ በትክክል የተጠበሰ ሚዲየም መለሰች፣ ደርቆ መጣላት፣ ጥፋቱ የሼፉም የእሷም አልነበረም፣ የአምፖሉ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ በተቃራኒው ሻማ ብርሃን ላይ ጥሬው የበሰለ ሆኖ ታየን። ስለዚህ አስተናጋጁ ሳይሄድ ስጋውን መሀሉ ላይ አንድ ጊዜ ቁረጡ፣ የስልካችሁን መብራት ለሁለት ሴኮንድ አብርታችሁ እዩት። ነጭ መብራት ያለበትን ጠረጴዛ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው።

ካነሰ በቀላሉ ይመለሳል፣ "ትንሽ ይጨመርልኝ" በሉ። ከበዛ ግን አይመለስም፣ አዲስ መሰራት አለበት። ሚዲየም ብላችሁ አዛችሁ ግራጫ ከመጣ በትህትና "ያዘዝኩት ሚዲየም ነበር፣ ይሄ አልፏል" በሉ። አትቆጡ፣ ግን አትዋጡትም። ግማሹን ከበላችሁ በኋላ ቅሬታ ማቅረብ ግን አይገባም።

ትንሽ ከዘገየ አትቸኩሉ። ስጋ ከእሳት ሲወጣ 5 ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት። ወዲያው ከተቆረጠ ውሃው ሳህኑ ላይ ይፈሳል። በጋለ ድንጋይ ወይም በሸክላ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ ጥብስ ሲንጫጫ እንደምንወደው ደስ ይላል፣ ግን ስጋው ጠረጴዛው ላይም መብሰሉን ይቀጥላል። እዛ ከሆነ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ እዘዙ፣ ወይም ቶሎ ወደ ሳህን አውጡት።

ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ። አንድ ጉርሻ ቆርጣችሁ ብሉ፣ ከዛ ሌላውን። ሁሉንም አንዴ ከከተፋችሁት ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ያለ ሶስ ቅመሱት። ከዛ የቁንዶ በርበሬውንም የእንጉዳዩንም ሶስ ሞክሩ። አዋዜና ሚጥሚጣ ቢኖራቸው አምጡልኝ ለማለት አትፈሩ፣ ጮማ ካለው ሪብ አይ ጋር ከሚጥሚጣ የሚስማማ የለም። እና አጉርሱ። ለሚወዱት ሰው የመጀመሪያዋን ጥሩ ቁራጭ በሹካም ቢሆን ማጉረስ ከዛ ሁሉ ቀይ መብራት በላይ ያሞቃል። ባለቤቴ እኔን ሲያጎርሰኝ ከጎን ያሉት ጥንዶችም ጀመሩ።

ስለ መጠጥ ብዙ አልልም። የሀገራችን ወይን ሩቅ አይደለም። ካስትል ወይኑን የሚያመርተው ወደ ሀዋሳ ስትመጡ በምታልፏት በዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምንላት ከተማ ነው። ጣፋጭ የምትወዱ አካሺያ፣ ደረቅ ያለ የምትወዱ የሪፍት ቫሊ ቀይ። በብርጭቆ ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሙሉ ጠርሙስ ግዴታ አይደለም። የማትጠጡ ከሆነ አምቦ ውሃ በሎሚ፣ ጮማውን ከአፍ ያጥበዋል። ከጠጣችሁ መኪናውን ተዉት፣ ባጃጅ ሞልቷል።

ሂሳቡ

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ያካተተ መሆኑን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ቫት 15 በመቶ ነው። ሰርቪስ የሚጨምር ቤት አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ቫቱም ከነሰርቪሱ ላይ ሲሰላ ሜኑ ላይ 1,000 ብር ያያችሁት ስቴክ 1,265 ብር ይሆናል። ለሁለት ሰው ከመጠጥ ጋር ሲደመር ልዩነቱ ትልቅ ነው። ድንቹና አትክልቱ ከስጋው ጋር ይመጣ ወይስ ለብቻ ይከፈል እንደሆነም እዛው ጠይቁ። ሰርቪስ ከተጨመረ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም። ጥሩ ላስተናገደ ልጅ ግን በእጁ ስጡት፣ በቴሌብር ከሂሳቡ ጋር ከላካችሁት ለእሱ ላይደርስ ይችላል።

የተረፈውን አትተዉ። "ቋጥሩልኝ" በሉ፣ ከፍላችሁበታል። ቤት ስትገቡ ፍሪጅ አስገቡት። በማግስቱ ግን ቁራጩን እንዳለ አታሙቁት፣ ጫማ ይሆናል። ቀዝቃዛውን በስሱ ከትፉት፣ ቀይ ሽንኩርት በቂቤ አቁላሉ፣ ቃሪያና ጥብስ ቅጠል ጨምሩ፣ ስጋውን በመጨረሻ አስገብታችሁ ለአንድ ደቂቃ ብቻ አገላብጡትና አውጡት። እኛ ቤት ቁርሱ ከእራቱ እኩል ይጠበቃል።